ደረቅ ጽሕፈት

ባንክ ቤት የሚውል ሰው ከቅጂ ጋር ይኖራል። የመታወቂያ ቅጂ፣ የንግድ ፈቃድ ቅጂ፣ የቤት ካርታ ቅጂ፣ የውክልና ቅጂ፤ አንድ ደንበኛ ብድር ሲጠይቅ የሚከፈትለት ፋይል ገና ከመጀመሪያው ቀን በቅጂ ያብጣል። ለፋይሉ ክብደት የሚሰጠው ግን መያዣው ነው። ቤት ያለው ቤቱን፣ መኪና ያለው መኪናውን ያስይዛል። በአእምሮው አንድ ያልተሠራ ማሽን ይዞ የመጣ ሰው ግን የሚያስይዘው የለውም። ንድፉን በወረቀት ሥሎ፣ አራት አጥፎ፣ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ለማሳየትም ይፈራል፤ «ቢሰርቁኝስ?» ይላልና። እናም ወረቀቱን መልሶ ያጥፈዋል። ስንት ሐሳብ እንዲህ ታጥፎ እንደቀረ የቆጠረ የለም።

እነዚያን ቅጂዎች ሁሉ የሚያወጣልን መኪና ፈጣሪ ራሱ መያዣ ከሌላቸው ሰዎች አንዱ ነበር። ቸስተር ካርልሰን ይባላል። ታሪኩን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ለመተረክ የደፈርሁት፣ ይህ ሰው ሐሳቡን በገንዘብ ሳይሆን በብዕር ያዳነ ስለ ሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርልሰን በ1906 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳና የመገጣጠሚያ በሽታ ተባብረው ከሥራ አውጥተውት፣ ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የቤተሰቡ ዋና ጧሪ ሆነ። እናቱ እርሱ 17 ዓመት ሲሆነው በዚያው በነቀርሳ ሞተችበት። ከእርስዋ ሞት በኋላ አባትና ልጅ በካሊፎርኒያ ቀድሞ የዶሮ ቤት በነበረች ክፍል እስከ መኖር ደርሰዋል። ተማሪ ሳለ በአንድ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበርና፣ አንዲት ያረጀች የማተሚያ መኪና በጉልበቱ ዋጋ አግኝቶ ኬሚስትሪ ለሚወዱ የእድሜ እኩዮቹ ትንሽ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ፊደል መልቀሙ፣ መደርደሩ፣ ቀለም መቀባቱ አድክሞት ከጥቂት ዕትሞች በኋላ ተወው። መጽሔት ጀምሮ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዕትም ያቆመ ሰው በመካከላችን አይጠፋምና ይህን ድካም የምንረዳለት ይመስለኛል። እርሱ ግን ከዚያ ድካም አንድ ጥያቄ ይዞ ወጣ፤ ቃልን ከወረቀት ላይ ማሳረፍ ለምን ይህን ያህል ከባድ ሆነ? የሚል።

በ1930 ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በፊዚክስ ተመረቀ። ዓመቱ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት አገሩን ያጥለቀለቀበት ነበር። ለ82 ኩባንያዎች የሥራ ማመልከቻ ጻፈ፤ ከሁለቱ ብቻ መልስ መጣ፤ ሥራ ግን አልመጣም። በመጨረሻ ኒው ዮርክ በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ በሳምንት 35 ዶላር ተቀጠረና ጥቂት ቆይቶ ወደ ፓተንት ክፍሉ ተዛወረ። በ1933 ከዚያም ተቀነሰ። ተንከራትቶ ያረፈው ማሎሪ በሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ኩባንያ የፓተንት ክፍል ውስጥ ነው።

የፓተንት ክፍል ማለት የወረቀት ወፍጮ ነው። የእያንዳንዱ ፈጠራ መግለጫና ሥዕል በብዙ ቅጂ ይፈለጋል። ታይፒስቷ በካርቦን ወረቀት የምታወጣው ቅጂ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ገና ከመጀመሪያው መጻፍ አለባት፤ የተጻፈውን ደግሞ ሌላ ሰው ከዋናው ጋር ቃል በቃል ማመሳከር አለበት። ሥዕሉ ወደ ፎቶ ቤት ተልኮ በውድ ዋጋ ይነሣል። የእኛ ቁም ጸሐፊ አንድ ዳዊት ለመገልበጥ ወራት ሲያጎነብስ የሚያውቀውን የወገብ ሕመም ካርልሰንም ያውቀው ነበር፤ እንዲያውም የአከርካሪ ሪህ ነበረበት። በማታ የሕግ ትምህርት ሲጀምር መጽሐፍ መግዣ ስላልነበረው፣ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሕግ መጻሕፍቱን በእጁ ይገለብጥ ነበር። ጣቱ ዝሎ ወገቡ እየተቆረጠ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ቅጂ የሚሰጥ መኪና ምነው በኖረ ብሎ የተመኘው እዚያ ነው።

ምኞት ሁሉ ፈጠራ አይሆንም። ካርልሰንን የለየው ከምኞቱ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። በዚያው ቤተ መጻሕፍት ስለ ማተምና ስለ ፎቶግራፍ የተጻፈውን እየለቀመ ካነበበ በኋላ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በኬሚካል በኩል ያለውን መንገድ ሁሉ አስቀድመው እንዳረሱት ተገነዘበ። በዚያ በኩል ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ማንም ወዳላረሰው እርሻ ፊቱን አዞረ፤ ብርሃን በኤሌክትሪክ ላይ ወደሚሠራው ሥራ። የሃንጋሪያዊው ሊቅ የፓል ሴሌኒ ጽሑፎች በዚህ መንገድ መሩት። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃቱ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍቱም ንባብ አንዳች አልከፈለም።

ነገሩ ሲተረክ ቀላል ነው። ማበጠሪያ በደረቅ ፀጉር ላይ ቢፈተግ ቁራጭ ወረቀት ይስባል፤ በላዩ የተኛ ኤሌክትሪክ አለና። አንዳንድ ነገሮች፣ ለምሳሌ ድኝ፣ በጨለማ ሳሉ ይህን ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው ግን ይለቁታል። እንግዲህ ድኝ የተቀባ ሳህን በጨለማ ፈትገህ የጽሑፍ ጥላ ብትጥልበት፣ ብርሃን ያረፈበት ሥፍራ ኤሌክትሪኩን ሲለቅ ፊደሉ ያረፈበት ይዞት ይቀራል። ደቃቅ ዱቄት ብትነሰንስበት ዱቄቱ በፊደሉ ላይ ብቻ ይጣበቃል። ያንን ወደ ወረቀት አዛውረህ በሙቀት ብታቀልጠው ቅጂ ሆነ ማለት ነው። ጠብታ ቀለም ወይም ውኃ አልገባበትም።

ካርልሰን ይህን የሞከረው በኩዊንስ በነበረው አፓርታማ ኩሽና ውስጥ ነው። ድኙን በዚንክ ሳህን ላይ አድርጎ በምድጃ ሲያቀልጠው የሚወጣው ሽታ ጎረቤቱን ሁሉ አወከ። ሙከራዎቹም አልሰመሩም። ሆኖም በኦክቶበር 1937፣ አንዲት ፊደል እንኳ ገና ሳይገለብጥ፣ የፓተንት ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ አስገባ።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ሐሳብን ለማስመዝገብ መጀመሪያ ማሽኑን ሠርቶ ማሳየት የግድ ይመስለዋል፤ ለማሽኑም ገንዘብ ስለሌለው ወደ ኋላ ይላል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ በሙያው የሠለጠነ ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ነገሩን አብራርቶ መጻፍ፣ ቀጥሎም «የእኔ ወሰን ከዚህ እስከዚህ ነው» ብሎ ድንበሩን በቃላት መከለል። ወሰኑን አጥብቦ የጻፈ፣ ጎረቤቱ በዳር በኩል ዞሮ ይገባበታል። እጅግ አስፍቶ የጻፈ ደግሞ መርማሪው አይቀበለውም። ቀን የሌላውን ሰው ወሰን ሲያርም የሚውል፣ ማታ ሕግ የሚማር ካርልሰን ይህን ጥበብ ያውቅ ነበር። ሌላው ድሀ ለጠበቃ የሚከፍለውን ገንዘብ እርሱ በሙያው ተካው። ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ቃል ሲበዛም ሲጎድልም ቤቱ እንደሚፈርስ እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ አስቶሪያ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ይዞ፣ ከደመወዙ ቀንሶ አንድ ረዳት ቀጠረ። ኦቶ ኮርናይ ከኦስትሪያ የተሰደደ የፊዚክስ ሰው ነበር፤ በውድቀቱ ዘመን ሥራ አጥቶ በትንሽ ክፍያ ተስማማ። ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ኮርናይ በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ በቀለም «10.-22.-38 አስቶሪያ» ብሎ በላቲን ፊደል ጻፈ። መጋረጃውን ዘግተው ድኝ የተቀባውን ሳህን በመሀረብ ፈተጉት፤ መስታወቱን አስቀምጠው ለጥቂት ሴኮንድ ብርቱ መብራት አበሩበት፤ ከሊኮፖዲየም ተክል የሚገኘውን ደቃቅ ዱቄት ነስንሰው ትርፉን እፍ አሉት። የቀኑና የሰፈሩ ስም በዱቄት ተጽፎ ተገኘ። ሰም በተነከረ ወረቀት ላይ አትመው በሙቀት አጸኑት። እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ደጋግመው ሞከሩት፤ ከዚያም ምሳ ለመብላት ወጡ።

የመጀመሪያው ቅጂ ጥቅስ ወይም የፍቅር ቃል ሳይሆን ቀንና ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል። አንዳንዱ ደረቅ ይለዋል። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ፈጠራ ቢከራከሩ የሚረታው ቀድሞ መፍጠሩን ያስረዳው ነበርና፣ ለእኔ የሁለት ድሆች ፊርማ ሆኖ ይታየኛል።

ኮርናይ ብዙ አልቆየም። የነገሩ ወደፊት አልታየው ብሎ በዓመቱ ውስጥ ሥራ አግኝቶ አይ.ቢ.ኤም ገባ፤ ከወደፊቱ ገቢ ድርሻ እንዲሰጠው የተስማሙበትንም ውል በስምምነት አፈረሱት። ካርልሰን በ1939 ሁለተኛውን፣ ዋናውን ማመልከቻ አስገባና ብቻውን በር ማንኳኳት ጀመረ።

ከ1939 እስከ 1944 ባለው ጊዜ ከ20 የሚበልጡ ኩባንያዎች መለሱት። ከእነርሱ መካከል አይ.ቢ.ኤም፣ ጀኔራል ኤሌክትሪክ፣ አር.ሲ.ኤ እና ኮዳክ ይገኙባቸዋል። ያሳያቸው የነበረው ትንሽ የዚንክ ሳህን፣ ዱቄትና የደበዘዘ ምስል ነው። ማመልከቻው አስቀድሞ ስለገባ በየበሩ ሁሉን ሳይሰስት መናገር ይችል ነበር፤ ቀኑ ተመዝግቦለታልና። የተፈራው ሌባ ግን ከአንዱም በር ብቅ አላለም። ሐሳቡን ሊሰርቁት ይቅርና እንኩ ሲላቸው የሚቀበለው ጠፋ! ሐሳቤ ይሰረቅብኛል ብለው እንቅልፍ ለሚያጡ ወዳጆቼ ይህን አምስት ዓመት ደጋግሜ እተርክላቸዋለሁ። የሌባ ሥጋት በአንድ ወረቀት ሊቀል ይችላል፤ ግዴለሽነትን የሚከለክል ፓተንት ግን የለም።

በእነዚያ ዓመታት የወገቡ ሕመም አልተወውም፤ ትዳሩም ተናጋና በ1945 ፈረሰ። የመጀመሪያው ፓተንት በኖቬምበር 1940፣ ሁለተኛው በኦክቶበር 1942፣ የማሽኑን ንድፍ የያዘው ሦስተኛው በ1944 ተሰጠው። ሦስት ማኅተም ያላቸው ወረቀቶች ነበሩት፤ የሚሠራ አንድ መኪና ግን አልነበረውም። በርካሽ ሞዴል ለማሠራት ሞክሮ አልሆነለትም።

መንገዱ የተከፈተው በአጋጣሚ ነው። በ1944 የባቴል ተቋም ባልደረባ የሆነ አንድ መሐንዲስ በፓተንት ጉዳይ ወደ ማሎሪ መጣ። ባቴል በኦሃዮ የሚገኝ ለትርፍ ያልተቋቋመ የምርምር ተቋም ነው። ካርልሰን የእንግዳውን ጉዳይ ከጨረሰ በኋላ የራሱን ነገር አነሣ። በዚያው ዓመት ውል ተፈረመ፤ ምርምሩን ተቋሙ ያካሂዳል፤ ከሚገኘው የፈቃድ ክፍያ 60 በመቶው ለተቋሙ፣ 40 በመቶው ለካርልሰን ይሆናል። «ከግማሽ በላይ አሳልፎ ሰጠ» ብለው የሚያዝኑለት አሉ። እኔ አላዝንለትም። በኪሱ የነበረው የምንም መቶ በመቶ ነበር። ድርሻ ለመጠየቅ ያስቻለው ግን ከሰባት ዓመት በፊት የጻፈው ማመልከቻ ነው፤ ያ ባይኖር ባቴል ቢበዛ ደመወዝ ይሰጠው ነበር።

በባቴል ድኙ በሴሌኒየም ተተካ፤ ምስሉም በእጅጉ ጠራ። በ1946 መጨረሻ በሮቼስተር ከተማ በኮዳክ ጥላ ሥር የምትኖር ሃሎይድ የምትባል ትንሽ የፎቶግራፍ ወረቀት ፋብሪካ ፈቃዱን ለመውሰድ ተስማማች። መሪዋ ጆሴፍ ዊልሰን ነበር። ስም ሲፈለግለት አንድ የግሪክ ቋንቋ ሊቅ ከሁለት የግሪክ ቃላት «ዜሮግራፊ» ብሎ አወጣለት፤ ደረቅ ጽሕፈት ማለት ነው። ነገሩ በይፋ የተነገረው ኦክቶበር 22 ቀን 1948፣ የአስቶሪያው ቅጂ አሥር ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። በ1949 ለገበያ የወጣችው የመጀመሪያዋ መኪና ሁሉን ነገር በእጅ የምታሠራ፣ ገዢን የምታሰለች ነበረች። ሃሎይድ ከ1947 እስከ 1960 ለዚህ ምርምር ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰች፤ ከመደበኛ ሥራዋ ካገኘችው እጥፍ ያህል ነው። ልዩነቱ የተሞላው በብድርና በአክሲዮን ነው። የባንክ ሠራተኛ ሆኜ ያንን ፋይል በጠረጴዛዬ ላይ ባገኘው ምን አስተያየት እንደምጽፍበት ባስብ ይጨንቀኛል።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1959 «914» የተባለችው መኪና በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታየች። ስምዋ ከምትቀበለው ወረቀት መጠን፣ ከ9 በ14 ኢንች የተወሰደ ነው። ክብደትዋ 290 ኪሎ ያህል ሆኖ በደቂቃ 7 ቅጂ ታወጣ ነበር። በዚያን ዕለት ለእይታ ከቀረቡት ሁለት መኪኖች አንዷ በእሳት ተያያዘች፤ በኋላም ከመኪናዋ ጋር አንድ የእሳት ማጥፊያ አብሮ ይላክ ነበር። እንዲያም ሆኖ አሜሪካ ተሻማባት። ሃሎይድም በ1961 ዜሮክስ ኮርፖሬሽን ተባለች። ለአንድ መቶ ተማሪ አንድ መጽሐፍ በነበረበት ዩኒቨርሲቲ የተማርን፣ ከገበያ የጠፋ ልብ ወለድ ጫፉ የደበዘዘ ቅጂውን አስጠርዘን ያነበብን ሁሉ፣ ከዚያች መኪና የልጅ ልጆች ጋር ትውውቅ አለን።

አሁን ቀኖቹን ተመልከቱልኝ። የአሜሪካ ፓተንት በዚያን ዘመን የሚቆየው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ነበር። የ1940ው ፓተንት በኖቬምበር 1957 አለፈ። ዋናው፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1942 የተሰጠው፣ ያለፈው ኦክቶበር 6 ቀን 1959 ነው፤ 914 ለሕዝብ በታየች በ20ኛው ቀን። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ለደንበኛ የደረሱት ደግሞ በ1960 ነው። በኩሽና ውስጥ በድኝ ጢስ የተጀመረው መብት፣ ፍሬው ሊለቀም ሲል ዕድሜው አለቀ። ያ ሁሉ የተዘጋ በር እየበላው ያለፈው ይህን ዕድሜ ነበር። ኩባንያዋን ያዳናት በመካከሉ በሴሌኒየሙ፣ ኤሌክትሪኩን በሳህኑ ላይ በሚያኖረው መሣሪያና በሌላውም ላይ እየተደራረበ የወጣው አዲስ ፓተንት ነው። ካርልሰንን ያዳነው ደግሞ ውሉ ነው፤ በኋላ በታደሰው ስምምነት መሠረት አክሲዮን አገኘ፤ እስከ 1965 ድረስም ከሚወጣው ከእያንዳንዱ ቅጂ የአንድ ሴንት አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ይታሰብለት ነበር።

ይህ ስሌት ወደ አገር ቤት ሲመጣ ይበልጥ ያሳስባል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ለፓተንት የሰጠው ዕድሜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ካርልሰን በዚህ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ የኦክቶበር 1937ቱ ማመልከቻው ተጨማሪው ሁሉ ታክሎለት በ1957 ያበቃ ነበር፤ ከ914 ሁለት ዓመት ቀድሞ። አዋጁ ለአነስተኛ ፈጠራዎች የተለየ፣ አጭር ዕድሜ ያለው ምስክር ወረቀት ማዘጋጀቱ መልካም ነው፤ ለብዙዎቹ የእኛ እጀ ብልሆች የሚስማማውም እርሱ ይመስለኛል። ይሁንና ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ሲገባ ነው፤ ያመልካቹ ኪስ ባዶ ነው ብሎ አይጠብቅም። እንግዲህ ድሀ ፈጣሪ ሁለት እሳት መካከል ነው፤ ቢዘገይ ሌላው ይቀድመዋል፤ ቢፈጥን ዕድሜው ገንዘብ ፍለጋ ያልቃል። ካርልሰን ከሁለቱ መፍጠንን መረጠ። የሚያወጣው ምርጫም ያ ይመስለኛል፤ ወሰኑ ያልተጻፈለትን ሐሳብ እንደ ባቴል ያለ እንግዳ ቢመጣ እንኳ የሚዋዋልበት ነገር የለምና።

ሀብቱ ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ ይገመታል። 100 ሚሊዮን ያህሉን፣ አብዛኛውን ስሙን ሳይገልጽ፣ ለትምህርት፣ ለሰላምና ለጥቁሮች የመብት ትግል ሰጠው። ውሉን አፍርሶ የሄደውን ኮርናይንም አልረሳውም፤ የኩባንያውን 100 አክሲዮን በስጦታ ላከለት። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1968 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ገብቶ ፊልም ሲመለከት፣ በተቀመጠበት ልቡ ቆመ። 62 ዓመቱ ነበር።